«የእንግሊዝኛ መምህር ነው የምሆነው» ያለች እንደሆነ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከነቤተሰቡ እኔ ቤት ቡና ሊጠጣ መጥቶ ነበር። ሁለተኛው ሲቀዳ ትልቋን ልጁን ወደ እኔ እየጠቆመ «በይ፣ ለእኔ ያልሽኝን ለአያትሽም ንገሪያት» አላት። ልጅቷ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ትንሽ አቀርቅራ ቆየችና «እማማ፣ 11ኛ ስገባ ማኅበራዊ ሳይንስ ነው የምመርጠው። የእንግሊዝኛ መምህር መሆን እፈልጋለሁ» አለች።

ልጄ ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፤ የድንጋጤ ሳቅ ነው። «ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ! ሐኪም ትሆንልኛለች ብዬ ስጠብቅ! እስኪ አንቺ ምከሪያት እማ፤ ዕድሜሽን ሙሉ ጤና ላይ የሠራሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

እኔ ግን ወዲያው መልስ አልሰጠሁም። ዝም ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ከዛሬ 20 ዓመት በፊት የዚህችው ልጅ አክስት፣ ማለትም የእኔ ሴት ልጅ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ይህንኑ ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ አፌ ፈጣን ነበር። «ምነው ልጄ፣ ጠመኔ ልትበይ ነው?» አልኳት። በእኔ ግፊት የጤና ትምህርት ገባች፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ተመለሰች። ዛሬ በንግድ ትተዳደራለች፤ ኑሮዋም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ነገር ግን የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ደብተራቸውን ይዘው እሷ ዘንድ ሲመጡ፣ ስታስረዳቸው ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አያለሁ። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። እኔ ግን ራሴን እወቅሳለሁ።

ስለዚህ የልጅ ልጄን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት፤ «ለምን እንግሊዝኛ?» አልኳት።

የሰጠችኝ መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። 9ኛ ክፍል ሲገቡ አብራት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር ቀበሌ መጥታ እዚህ ሰቆጣ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ከቤተሰቧ ስንቅ እየመጣላት የምትማር ልጅ ናት። በቤቷ አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛንም በትምህርት ቤት ጥሩ አድርጋ ለምዳለች። ሒሳብ ላይ የሚስተካከላት አልነበረም። «9ኛ ክፍል ስንገባ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። ትምህርቱ አልከበዳትም እማማ፤ ቋንቋው ነው የጣላት። ለግማሽ ዓመት ያህል መምህሩ የሚሉትን ዝም ብላ ስትገለብጥ ቆየችና ደብተሯን ሰብስባ ወደ ቀበሌዋ ተመለሰች። አሁን ተድራለች» አለችኝ።

ልጄም ይህን ሰምቶ ስኒውን አስቀመጠ።

ቋንቋው በር ነው

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ጉዳይ እኔም በራሴ አውቀዋለሁ። የነርስነት ዲፕሎማዬን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ፈተናውን በሽምደዳ አለፍኩት። በተለማማጅነት ሳለሁ አንድ ቀን ሕመምተኛ ላጠጣ ብልቃጥ አንስቼ ማንኪያ ላይ ላንቆረቁር ስል፣ ከእኔ ያነሰ ትምህርት ያላቸው አንድ አዛውንት ድሬሰር እጄን ያዙኝ። ብልቃጡ ላይ «ፎር ኤክስተርናል ዩዝ ኦንሊ» የሚል ተጽፏል፤ ለውጭ አካል ብቻ ማለት ነው። ፊደሉን አንብቤዋለሁ፤ «ኤክስተርናል» ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም፤ ለመጠየቅም አፍሬያለሁ። እኒያ ሰው ባይደርሱ ኖሮ ዛሬ ይህን ዓምድ የምጽፍ ሰው አልሆንም ነበር።

እንግዲህ ልጄን የመለስኩለት በዚህ ነው። «ልጅህ ሐኪም እንድትሆን ትፈልጋለህ። ሐኪም የሚሆነው ልጅ ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ያን በር የሚከፍትለት ማነው?» አልኩት። ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ያለው ትምህርት ቤት የሁሉም ትምህርት መምህራን ሥራ ይቀልለታል። እንደ ዋግ ኽምራ ባለ አገር ደግሞ፣ ብዙ ልጆች እንግሊዝኛን የሚያገኙት ኽምጥኛንና አማርኛን አልፈው ነው፤ ለእነዚህ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ራሷ በዚያ መንገድ ያለፈች መምህርት የት ላይ እንደሚደናቀፉ ታውቃለች።

ልጄ ግን ነጋዴ ነውና በቀላሉ አይረታም። «እሺ፤ መንገዱ ስንት ዓመት ነው? ስንት ፈተና አለው? ምን ያስወጣል?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ብዙዎቻችን ልጃችን ምን መሆን እንደሚፈልግ እንጠይቃለን እንጂ በየትኛው ዓመት ምን እንደሚያስፈልገው አናውቅም። ሕፃን ሲወለድ የክትባት ካርድ እንሰጣለን። ካርዱ ላይ የቱ በተወለደ ዕለት፣ የቱ በ6ኛ ሳምንት፣ የኩፍኙ ደግሞ በ9 ወር እንደሚሰጥ ተጽፏል። እናቲቱ ካርዱን ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ቀኑ ሲደርስ ይዛው ትመጣለች። ለዚህችም ልጅ እንዲህ ያለ ካርድ እንጻፍላት ብዬ ደብተር አመጣሁ።

የአጎት ምክር የየትኛው ዓመት ምክር ነው?

ከመጻፋችን በፊት ግን አንድ ነገር ማጥራት ነበረብን። የልጅቷ አጎት «ሦስት ዓመት ነው፤ ጨርሼ በዓመቱ ክፍል ገባሁ» ይላል። ጎረቤታችን ጡረተኛ መምህር «አራት ዓመት ነው» ይላሉ። ሌላዋ ዘመዳችን «ከዲግሪው በኋላ ደግሞ አንድ ዓመት አለ» ትላለች። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ዲግሪ አራት ዓመት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሲሻሻል ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው በመጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱን በዲግሪ ጨርሶ፣ ከዚያ የማስተማር ሙያውን በአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የሚማርበት አሠራር መጣ፤ መምህራኑ «ፒጂዲቲ» የሚሉት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ማለትም ፍሬሽማን፣ ይማራል፤ ዲግሪውም ወደ አራት ዓመት ተመለሰ።

እኔ ሥራ ስጀምር ወባን የምናክመው በክሎሮኪን ነበር። በኋላ ፋንሲዳር መጣ፤ ከዚያ ኮአርተም። ዛሬ አንድ ጡረተኛ ተነስቶ «እኔ በክሎሮኪን ስንቱን አድኛለሁ» ብሎ ቢያዝ አትሰሙትም። በትምህርትም እንዲሁ ነው። የዘመድን ምክር በአክብሮት ስሙ፤ ነገር ግን የየትኛው ዓመት ምክር እንደሆነ ጠይቁ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ዓመት ሲደርስ የዚያን ዓመት መመሪያ ከትምህርት ቤቱና ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቁ።

በካርዱ ላይ የጻፍነው

የመጀመሪያው መስመር የአሁኑ ነው፤ 10ኛ ክፍል። እስከ ሰኔ ድረስ ልጅቷ በየቀኑ 30 ደቂቃ እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ድምፅ አውጥታ። የመማሪያ መጽሐፉ ይበቃል፤ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አጫጭር ታሪኮች ብትዋስ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ያላወቀችውን ቃል በትንሽ ደብተር ትጽፋለች፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ያለበትን ሙሉ ዐረፍተ ነገር። ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ክበብ ካለው ትገባለች። ለታናሽ ወንድሟ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን እንግሊዝኛ ታስተምረዋለች። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ፊደል ያስቆጠረችው እሷው ናት፤ መምህርነቱን የጀመረችው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በዚሁ መስመር ላይ ሌላም ነገር ጨመርኩ። ከእንግሊዝኛ መምህሯ ጋር ቁጭ ብላ ሥራውን እንድትጠይቅ ነው። አንድ መምህር 55 ተማሪ ያለባቸው አራት ክፍሎች ቢይዝ የሚያርመው ድርሰት 220 ነው። ይህን ሰምታ፣ ደብተሩን ተሸክመው ወደ ቤት ሲሄዱ አይታ፣ አሁንም «እፈልጋለሁ» ካለች ፍላጎቷ የእውነት ነው። በወጣትነቷ ደም አይታ የማትደነግጥ መሆኗን ሳታውቅ ነርስነት የምትገባ ልጅ ስንት አለች!

ሁለተኛው መስመር 11ኛና 12ኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል የሚገኘው በማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ስለሆነ ምርጫዋ ልክ ነው። እዚህ ላይ ግን ወላጅም ልጅም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «እንግሊዝኛ ነው የምማረው» ብሎ ሒሳብን መተው አይቻልም። የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ በ12ኛ ክፍል ፈተና ከእንግሊዝኛ ሌላ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል፤ የሚያሳልፈውም የሁሉም ድምር ነው።

ይህ ፈተና ከባድ መሆኑን ከልጆቻችን መደበቅ የለብንም። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 የትምህርት ዘመን 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። ልጄ ይህን ሲሰማ «ከክፍሏ ሁለተኛ ናት» ማለቱን ተወ። ከክፍል ሁለተኛ መውጣት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሚዛኑ የአገር ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ በ12ኛ ክፍል ግንቦት ሳይሆን አሁን ይጀመራል።

ልጅ ግማሽ ሳያመጣ ቢቀር ቤቱ ለቅሶ ቤት እንዳይሆን፣ ሌሎቹንም በሮች ካርዱ ላይ ጻፍናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለማለፊያው ለተቃረቡት የሪሜዲያል ትምህርት ይሰጣል፤ ያንን ተከታትሎና ተፈትኖ ያለፈ ዩኒቨርሲቲውን ይቀጥላል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችም አሉ፤ እዚሁ ሰቆጣም አለን። በዲፕሎማ ተመርቀው በአንደኛ ደረጃ ማስተማር ጀምረው፣ በክረምት በክረምት ዩኒቨርሲቲ እየተመላለሱ ዲግሪያቸውን ያሟሉ ስንት ጎበዝ መምህራን እናውቃለን። መንገዱ ረዥም ነው፤ ግን ያደርሳል። የግል ኮሌጅ ወይም የርቀት ትምህርት ከታሰበ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ ለዚያ ትምህርት መስክ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን በወረቀት አይታችሁ አረጋግጡ። በቃል ብቻ አትመኑ።

ሦስተኛው መስመር ዩኒቨርሲቲው ነው። ምደባው ተማሪው በሚሞላው ምርጫና በውጤቱ ነው። ለእኛ ወልድያ ቅርብ ነው። ባሕር ዳርም በ1960ዎቹ አጋማሽ በፔዳጎጂ አካዳሚ የተጀመረ የቆየ የመምህራን ማሠልጠኛ ታሪክ ያለው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። ልጅቷ የት እንደምትመደብ ዛሬ አናውቅም፤ ማወቅ ያለብን ግን በፍሬሽማን ዓመት መዘናጋት እንደማይቻል ነው። የትምህርት ክፍል የሚመረጠው በዚያ ዓመት በሚመጣ ውጤት ነው። ከዚያ በኋላ ሰዋስው፣ የንግግርና የጽሑፍ ክህሎት፣ የቋንቋ ሳይንስ፣ ልብ ወለድና ተውኔት ትማራለች። ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ስላላቸው «የገጠር ልጅ ነኝ፤ አነጋገሬ ያስቃል» ብላ ከመሸማቀቅ እዚያ ሄዳ ትለማመድ።

በመጨረሻው ዓመት የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም የተማረ ሁሉ ሊመረቅ ሲል ይህን ፈተና ይፈተናል፤ ከ100 ቢያንስ 50 ማምጣት ግድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሽምደዳ እዚህ ላይ ይጋለጣል።

አራተኛው መስመር የማስተማር ሙያው ነው፤ ተማሪን መረዳት፣ ትምህርት ማቀድ፣ መመዘን፣ የአካል ጉዳት ያለበትን ልጅ አካቶ ማስተማር፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ገብቶ በተግባር መለማመድ። እኛ ነርሶች ሕመምተኛ ከመንካታችን በፊት ከአንጋፋ ባለሙያ ጎን ቆመን እንደምንለማመደው ማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ እንግሊዝኛ ማስተማር አይችልም፤ ስለዚህ ይህን ዓመት «ትርፍ ዓመት» አትበሉት።

ደመርነው። 11ኛና 12ኛ ሁለት ዓመት፣ ዲግሪው አራት፣ የማስተማር ሙያው አንድ፤ ሰባት ዓመት። ልጄ በጣቱ ቆጠረና «23 ዓመቷ ላይ» አለ።

ብርና ጤና

ቀጥሎ ወደ ብሩ መጣን። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምግብና መኝታ አለ፤ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ይገባል። ውሉን ልጁ ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ቅጂውንም እንዲያስቀምጥ ምከሩት። ለቤተሰብ የሚቀረው መጓጓዣ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ፣ ልብስና ጫማ፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ ለሴት ልጅ ደግሞ በየወሩ ሞዴስ ነው። ይኼ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆችን ከትምህርት ገበታ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ይኼው ትንሹ ነው። ልጄ ከሱቁ በየወሩ ጥቂት እያነሳ በልጅቷ ስም ሊያስቀምጥ ተስማማ። አበርገሌ ያሉ አንድ ወዳጃችን ደግሞ ለልጃቸው ሁለት እንስት ፍየል ለይተው «የዩኒቨርሲቲ ፍየል» ብለዋቸዋል፤ ልጁ 12ኛ እስኪደርስ ይራባሉ። እኔ ይህን ዕቅድ ወድጄዋለሁ።

የጡረተኛ ነርስነቴን መቼም አልተውም፤ ካርዱ ጥግ ላይ ሁለት ነገር ጻፍኩ። አንደኛው የዓይን ምርመራ ነው። ብዙ ልጅ «ሰነፍ» የሚባለው ሰሌዳው ስለማይታየው ነው። መጽሐፍ ከዓይኑ ሥር የሚያስጠጋ፣ ማታ ራሴን አመመኝ የሚል ልጅ ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሁለተኛው እንቅልፍና ምግብ ነው። ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚሄድ ልጅ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይማርም።

ልጄ በመጨረሻ የልቡን ተናገረ። «ደመወዙስ እማ? መምህር እንዴት እንደሚኖር እያየን አይደለም?» አለኝ። ልዋሽለት አልቻልኩም። የመምህር ደመወዝ ከኑሮው ጋር አይሄድም፤ እኔም በነርስነት ደመወዝ አራት ልጅ ሳሳድግ የወሩ መጨረሻ እንዴት እንደሚረዝም አውቃለሁ። መምህርነት ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር የሚያደርስ የዕድገት መሰላል አለው፤ ማስተርስ ለሚማርም መንገዱ ክፍት ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው የትርጉምና ሌላም ተጓዳኝ ሥራ አያጣም። ነገር ግን ሀብት ፍለጋ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ይህንንም ለልጅቷ ፊት ለፊት ነገርናት። ኋላ ላይ ሌላ ሰው ከሚነግራት ዛሬ ከእኛ ትስማው።

«አውቃለሁ» አለች። ቀጥላም «እማማ፣ አንቺስ ደመወዙን አይተሽ ነው ነርስ የሆንሽው?» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ ሦስተኛውም ተቀዳ።

ልጄ ሙሉ በሙሉ ተስማማ ብዬ አልዋሻችሁም። «እስከ ሰኔ እናያለን» ነው ያለው። ግን ማክሰኞ ዕለት ሱቁ ጎራ ስል ከመደርደሪያው ላይ አዲስ መዝገበ ቃላት አየሁ። «የሚሸጥ ነው?» ብለው «የሚሸጥማ አይደለም» አለኝ። ካርዱም እቤቴ ሳጥን ውስጥ፣ የልጆቹ የክትባት ካርድ ያለበት ቦታ ተቀምጧል።

ማታ ለሴት ልጄ ስልክ ደወልኩላት። የእህቷን ያህል የምትወዳት የወንድሟ ልጅ ምን እንዳለች ነገርኳትና «ያን ጊዜ አንቺን አልሰማሁሽም ነበር» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «በሳምንት አንድ ቀን እኔ ዘንድ ትምጣ፤ አብረን እናነባለን» አለችኝ። እኔ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

እናንተም ቤት 10ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ካለ ሰኔ ሳይደርስ ቡና አፍልታችሁ አስቀምጡት፤ ከመምከራችሁ በፊት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳያቋርጡ መስማት የእኛ ፈንታ ነው። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቤታችሁ ሰላም፣ ልጆቻችሁ ጤና ይሁኑ።